ቀይ ላይ ያደረ መኪና

ኢታንግ ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ቀኑን ሙሉ በመጠለያዎቹና በቀበሌዎቹ መካከል ሲመላለሱ የዋሉት መኪኖች አንድ በአንድ ወደ ግቢያቸው ይገባሉ። ዘበኛው በሩን ይከፍታል፤ ሾፌሩ ማንጎ ዛፍ ሥር ያቆማል፤ ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት ግን ዓይኑ ዳሽቦርዱ ላይ ያርፋል። የነዳጅ ጠቋሚው ከግማሽ በላይ ከሆነ ቁልፉን ነቅሎ ይወርዳል። ከግማሽ በታች ከወረደ ሥራው አላለቀም። የመጋዘን ኃላፊው ይፈለጋል፤ በርሜሉ ላይ የእጅ ፓምፕ ይገጠማል፤ የተቀዳው ሊትር ከኪሎ ሜትር ንባቡ ጋር መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይፈረምበታል። መኪናው “አደረ” የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ስደተኞችን በሚረዱ ድርጅቶች የመስክ ደንብ መኪና ከግማሽ ታንከር በታች ይዞ አያድርም። ለአዲስ አበባ ሰው ደንቡ የተጋነነ ሊመስለው ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ሪዘርቭ መብራት እንደበራ መኪና ማሳደር የብዙ ሰው ልማድ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ሲኬድ መንገድ ላይ ካለው ማደያ ይቀዳል፤ ሰልፍ ከበዛ ሌላ ማደያ ይሞከራል፤ ከባሰም ታክሲ ይያዛል። ኢታንግ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚያዝ ታክሲ የለም። ግቢ ውስጥ የቆመው መኪና ወይ ይነሣል፣ ወይ ሰው ይነጋልኝ ብሎ ይጠብቃል።

ከተማዋ ከጋምቤላ በስተምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ አኙዋዎች ኦፔኖ በሚሉት በባሮ ወንዝ ዳር ትገኛለች። አኙዋ፣ ኑዌርና ኦፖ አብረው የሚኖሩባት ልዩ ወረዳ ናት። ታኅሣሥ 2006 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ድንበር ተሻግሮ የመጣው ሕዝብ የሰፈረባቸው ኩሌና ቴርኪዲ፣ በኋላም በ2009 የተከፈተው ንጉኝየል የሚገኙት በዚሁ ወረዳ ነው። ክልሉ በጠቅላላው ከ350 ሺህ በላይ ስደተኞችን ያስተናግዳል። ነባሩም ሆነ መጤው፣ ምጥ የጠናባት እናት፣ እባብ የነደፈው እረኛ፣ በወባ ራሱን የሳተ ሕፃን፣ በአካባቢው ጤና ተቋም አቅም መታከም ካልቻሉ መንገዳቸው አንድ ነው፤ ወደ ጋምቤላ ከተማ ሆስፒታል ይላካሉ። ስለዚህ የአንድ ላንድክሩዘር ታንከር ውስጥ ስንት ሊትር አድሯል የሚለው ጥያቄ እዚህ የሾፌሩ የግል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ናፍታው ራሱ ብዙ ተጉዞ ነው የሚመጣው። የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ካቆመ ወዲህ አገራችን የምታስገባው የተጣራ ነዳጅ ብቻ ነው፤ ዋናው በሯም ጅቡቲ ነው። ቦቴው ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ አዋሽንና አዲስ አበባን አልፎ፣ በጅማ ወይም በነቀምት አድርጎ በደሌ ይደርሳል። ከዚያ መቱን አልፎ ጎሬ ይወጣል፤ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ካለው ከጎሬ ደጋ ተጠምዝዞ 500 ሜትር ገደማ ወደሆነው የጋምቤላ ቆላ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጅቡቲ ላይ መርከብ ሲዘገይ፣ ወለጋ መስመር ላይ ጸጥታ ሲደፈርስ፣ ክረምት ላይ መንገድ ሲቆረጥ፣ ሁሉም ተደምሮ ጋምቤላ ማደያ ላይ “ናፍታ የለም” የሚል ወረቀት ሆኖ ይለጠፋል። በ2017 አዲስ አበባ ራሷ በማደያ ሰልፍ ስትጨነቅ፣ የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ሕዝብ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። የመጨረሻው 50 ኪሎ ሜትር ደግሞ የቦቴ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ወደ ኢታንግና ከኢታንግ ወዲያ ወዳሉት ወረዳዎች የሚሄደው ነዳጅ ብዙው በፒክ አፕ ላይ በበርሜልና በጀሪካን ተጭኖ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ነዳጅ በተፈለገበት ምድር ላይ መሆኑ ያሳዝናል። ከ1995 ወዲህ ባሉት ዓመታት የማሌዢያው ፔትሮናስ ጋምቤላ ውስጥ ዘይት ፍለጋ ቆፍሯል፤ ለገበያ የሚበቃ ግን አላገኘም። ከድንበሩ ባሻገር በደቡብ ሱዳን የላይኛው ናይል ግዛት ግን የዘይት ጉድጓዶች ሥራ ላይ ናቸው።

ኢታንግ የትራንስፖርት ጭንቀትን የምታውቀው ከመኪና በፊት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ እንግሊዞች በባሮ ዳር “በኢታንግ አጠገብ” ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲይዙ ተፈቅዶ ነበር። ቦታው ሲመረጥ ዕጣው ለጋምቤላ ወጣ፤ ጣቢያውም ሱዳን ነጻ እስከወጣችበት እስከ 1948 ድረስ በሱዳን መንግሥት ሥር ቆየ። ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ቡና ጭነው የሚመላለሱት ባሮ ሲሞላ ብቻ ነበር። ማገዶአቸው እንጨት ነው፤ ጊዜያቸውም የተቆጠረ ነው። ውሃው ከመጉደሉ በፊት ያልተመለሰ መርከብ ሊጠብቅ የሚችለው የሚቀጥለውን ክረምት ነው። የዛሬው ሾፌር ከእነዚያ መርከበኞች የሚለየው ወቅቱ በመገልበጡ ነው፤ እሱን የሚያስረው የባሮ መጉደል ሳይሆን መሙላት ነው።

የነዳጁን ሒሳብ እንሥራው። በዚህ አካባቢ በብዛት የሚታየው ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር የናፍታ ሞተር ነው። በደህና መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ12 እስከ 14 ሊትር ይበላል። ኢታንግ ጋምቤላ ደርሶ መልስ ማለት ይኸው ነው። ሪዘርቭ መብራት ሲበራ ታንከሩ ውስጥ የሚቀረው አሥር ሊትር ገደማ ነው፤ በዚያ ጋምቤላ ይደረሳል፣ መመለስ ግን አይረጋገጥም። ክረምት ላይ ደግሞ ስሌቱ ይፈርሳል። መኪናው በአራት ጎማ ኃይልና በከባድ ማርሽ ጭቃ ሲገፋ ፍጆታው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ውሃ የያዘው መንገድ ዞሮ መሄድን ይጠይቃል፤ የተቀረቀረ መኪና ሞተሩን እንዳስነሣ ሰዓታት ይቆማል። ቀይ ላይ ያደረው መኪና በበጋ ያደርሳል፤ በነሐሴ ግን ሕመምተኛዋን ይዞ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

“ጋምቤላ ሲደርስ ይቅዳ” የሚል ሰው አይጠፋም። በ2015 ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት በመላ አገሪቱ እንዲቀርና ክፍያው በቴሌብርና በመሰል ዘዴዎች እንዲሆን ተደርጓል። ቁጥጥሩ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ ኔትወርክ በሌለበት ሌሊት ግን ገንዘብ ያለው ሾፌርም ባዶ እጁን እንደቆመ ሰው ነው። መብራት ሲጠፋ የማደያው ፓምፕ ይቆማል። ማደያው ራሱ ሌሊት ይዘጋል። ያን ጊዜ የሚቀረው መንገድ ዳር በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸጠው ነው፤ ዋጋው እንደ ሻጩ ፍላጎት፣ ጥራቱ እንደ ዕድል። ቤንዚኑ ላይ ላምባ ተጨምሮበት እንደሆነ፣ ናፍታው ውሃ የገባበት እንደሆነ ገዢው የሚያውቀው ሞተሩ ማነከስ ሲጀምር ነው።

ስለ ውሃ ካነሣን፣ ሾፌሮች ጎዶሎ ታንከር ለምን እንደሚፈሩ ሲጠየቁ ቀድመው የሚጠቅሱት እሱን ነው። ታንከሩ ባዶ ሲሆን አየር ይገባበታል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ግድግዳው ላይ ጠል ይሆናል፤ ጠሉ ተንጠባጥቦ ታች ይጠራቀማል፤ ታንከሩ ይዝጋል፤ ናፍታው ይበላሻል። ከመካኒክ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ሾፌር ሲወርድ የኖረ ትምህርት ነው። መሠረቱ እውነት ነው። መጠኑ ግን ሲነገር እንደኖረው አይደለም፤ ይህን መለየት አስፈላጊ የሚሆነው ጥፋቱን የሚያደርሰው ውሃ በሌላ በር ስለሚገባ ነው።

70 ሊትር አየር የያዘ ጎዶሎ ታንከር እናስብ። በቀንና በሌሊት መካከል 15 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር በውስጡ ያለው አየር አምስት በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ ከውጪ የሚስበው ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ነው። የጋምቤላ የክረምት አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ20 እስከ 25 ግራም እርጥበት ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት አዲስ የሚገባው እርጥበት ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ አይሞላም፤ ቢበዛ ሁለት ጠብታ ነው። ከዚያም ውስጥ ከፊሉ በማግስቱ ተንኖ ይወጣል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም አዲስ የቤንዚን መኪና ላይ ከዚህም ያነሰ ነው። በየቀኑ የሚሠራ መኪና አንድ ሌሊት ቀይ ላይ በማደሩ ብቻ ውሃ አይጠጣም። ወራት የሚቆም መኪና ላይ ግን ጠብታው ይደመራል። በናፍታና በውሃ መገናኛ ላይ የሚራቡ ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ ሙቀት ይወዳሉ፤ ጥቁር ዝቃጭ ሠርተው ፊልትሮ ይደፍናሉ። መለዋወጫ እየጠበቀ ግቢ ጥግ የሚከርም መኪና ታንከሩ ሞልቶ መቆሙ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ቤንዚን ግን በተቃራኒው ነው፤ በሙቀት ወራት ሲያስቆጥር ስለሚያረጅ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆም የቤንዚን ሞተር ብስክሌት ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቢፈስስለት ይሻላል።

ዋናው የውሃ በር በርሜሉ ነው።

ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ኢታንግ ውስጥ አንድ የበርሜል ማስቀመጫ ተመልከቱ። ባለ 200 ሊትር በርሜሎች ሜዳ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ረፋዱን ፀሐይ ስለመታቸው ቆርቆሮው እጅ አያስነካም። ግማሽ በተቀዳው በርሜል ውስጥ 100 ሊትር የጋለ አየር አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ይጠቁርና ዝናቡ ይወርዳል። የበርሜሉ አናት ዙሪያው ጠርዝ ስላለው ውሃው አይፈስም፤ ይቋጥራል፤ የመቅጃ ክዳኑም ከዚያ ኩሬ ሥር ይሆናል። በደቂቃዎች ውስጥ ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ከ45 ወደ 25 ዲግሪ ሲወርድ 100 ሊትሩ አየር ስድስት ሊትር ያህል ይጎድላል። ያንን ጉድለት የሚሞላ ነገር ያስፈልጋል። የክዳኑ ጎሚኒ ያረጀ ከሆነ የሚገባው አየር ሳይሆን ላዩ ላይ የተኛው የዝናብ ውሃ ነው። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ በርሜሉ አየሩን ያስወጣል፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይስባል። በዚህ ሁኔታ ክረምቱን የከረመ በርሜል ሥሩ ላይ ውሃ ቢገኝበት ሊያስደንቅ አይገባም። ናፍታ ከውሃ ስለሚቀል ውሃው ታች ይተኛል፤ የእጅ ፓምፑ ቱቦ ደግሞ የሚስበው ከታች ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። በርሜሉ በጎኑ ይተኛ፤ ሁለቱ ክዳኖቹ ግራና ቀኝ በአንድ ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ ያን ጊዜ በርሜሉ ከግማሽ በላይ እስከያዘ ድረስ ከውስጥ በናፍታ ይሸፈናሉ፣ ከውጪም ውሃ አይቋጥሩም። መተኛት ካልቻለ ከሥሩ እንጨት ገብቶለት ዘንበል ይበል፤ ውሃው የሚጠራቀምበት ዝቅተኛ ወገን ከሁለቱም ክዳኖች ይራቅ። ቢቻል ጣሪያ ሥር ይግባ። ከመቅዳት በፊት የፓምፑ ቱቦ ከሥሩ አንድ እጅ ያህል ከፍ ይበል፤ መጀመሪያ የሚወጣው በጠርሙስ ተይዞ ይታይ። በጨርቅ ማጥለል ቆሻሻውን ያስቀራል እንጂ ውሃውን አያስቀርም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት አለ፤ በእንጨት ጫፍ ተቀብቶ በርሜሉ ውስጥ ይገባና ስንት ጣት ውሃ እንዳለ ያሳያል። ዲፖዎችና ማደያዎች ይጠቀሙበታል፤ በየወረዳው መጋዘን አንድ ትንሽ ብልቃጥ ቢኖር ብዙ ፖምፓ (ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ፓምፕ) ያድናል።

ጠንቃቃ ሾፌር ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሣ ኮፈኑን ከፍቶ የሚሠራትን ሥራ በቅርብ ማየት ደስ ይላል። ከናፍታ ፊልትሮው ሥር ያለችውን የፕላስቲክ ቡሎን በሁለት ጣቱ ያላላል፤ ከሥሯ አንገቱ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይይዛል። ከላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ሦስት አራት ጊዜ ሲጫናት መጀመሪያ የሚወርደው ደብዛዛ ነው። ጠርሙሱን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። ጥቂት ቆይቶ ጠርሙሱ ውስጥ መስመር ይሠራል፤ ከላይ ቢጫ ናፍታ፣ ከታች ጥርት ያለ ውሃ፣ ከውሃውም ሥር ቡናማ የዝገት ደለል። ጠርሙሱን ሲያዘነብለው ውሃው ድቡልቡል ሆኖ ይንከባለላል። ንጹሕ ናፍታ እስኪመጣ ይደግማል። ከዚያ ቡሎኗን አጥብቆ፣ የእጅ ፓምፗ እስክትጠጥር ተጭኖ ሞተሩን ያስነሣል። ሥራው ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። ያ ጣት ውሃ ወደ ፖምፓው ቢገባ ኖሮ፣ በሺህኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ክፍተት ያላቸው ብረቶች ያለ ቅባት ይፋተጉ ነበር። አሮጌው ሃርድ ቶፕ ይህን ለጊዜው ይችለዋል። በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዳዲስ ፒክ አፖች ግን ናፍታውን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚረጩ ጥቂት ውሃ እንኳ ኢንጀክተራቸውን ያበላሻል፤ ኢንጀክተሩ ደግሞ በአቅራቢያው የሚገኝ ዕቃ አይደለም።

ታዲያ ጎዶሎ ታንከር በዚህ ውስጥ ጥፋቱ ምንድን ነው? ታች የተኛው ውሃና ደለል በሞላ ታንከር ውስጥ ብዙም አይናወጥም። አሥር ሊትር ብቻ ሲቀር ግን በእያንዳንዱ ጉድጓድ ናፍታው ከግድግዳ ግድግዳ ይላጋል፤ ውሃውን አንሥቶ ያደባልቃል፤ አንዳንዴም የመሳቢያው ቱቦ ባዶ ቀርቶ አየር ይጎትታል። ናፍታ ሞተር አየር ከገባበት ቤንዚን መኪና እንደሚሆነው ነዳጅ ስለተጨመረለት ብቻ አይነሣም። አየሩ በእጅ ፓምፕ መውጣት አለበት፤ ካልሆነም የኢንጀክተሮቹ ቱቦ እየላላ መተንፈስ አለበት። ቀን ላይ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው። በጨለማ፣ በስልክ መብራት፣ ትንኝ እየበላ፣ ከኋላ የምታቃስት ሴት እያለች ሲሠራ ግን የአንድ ሰዓት ያህል ይረዝማል።

በቤንዚን መኪኖች ላይ ጉዳቱ ሌላ መልክ አለው። የኢንጀክሽን መኪና የነዳጅ ፓምፕ ታንከሩ ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ጋምቤላ ከ40 ዲግሪ በላይ ትደርሳለች። በዚያ ሙቀት ዘወትር ቀይ ላይ የሚነዳ መኪና ፓምፑ ዕድሜው ያጥራል።

ጎርፍ ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። በ2014 ክረምት ማብቂያ ላይ ባሮ ሞልቶ ኢታንግንና የታችኛውን ባሮ ወረዳዎች ሲያጥለቀልቅ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ከፍ ወዳለ ቦታ ለመውጣት የሚያስፈልገው ነዳጅ ውሃው ከመምጣቱ በፊት ታንከሩ ውስጥ መኖር አለበት፤ ውሃው ከመጣ በኋላ በርሜሉም ይንሳፈፋል፣ መንገዱም አይታይም። ጎርፍ የደረሰበት የቆመ መኪና ላይ ሌላም ነገር ይፈጠራል። ሙቀት የያዘ ጎዶሎ ታንከር በቀዝቃዛ ውሃ ሲከበብ ውስጡ ያለው አየር በአንዴ ይኮማተራል፤ መተንፈሻ ቱቦው ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ያንኑ ጎርፍ ነው። የሞላ ታንከር የሚስብበት ቦታ የለውም። ወንዝ አቋርጦ የሚያውቅ ሾፌር ይህን ከዲፈረንሻሉ ያውቀዋል፤ ውሃ የገባበት ዲፈረንሻል ዘይቱ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ከውሃው በላይ መንገዱን የሚዘጋው የሰው ጠብ ነው። በ2015 በልዩ ወረዳው በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞተዋል፤ ጋምቤላ ከተማ ላይም ሰዓት እላፊ ታውጇል። እንዲህ ባለ ጊዜ ነዳጅ የጫነ ፒክ አፕ አይንቀሳቀስም። ያለህ ነዳጅ በዚያ ምሽት ግቢህ ውስጥ ያደረው ብቻ ነው። የኢታንግ አዛውንቶች ከዚህ የሚከብድም ያስታውሳሉ። ግንቦት 1983 ላይ ደርግ ሲወድቅ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ መጠለያዎች አንዱ የነበረው የኢታንግ ካምፕ በቀናት ውስጥ ባዶ ሆኗል፤ ሕዝቡ በእግሩ ወደ ድንበር ተመልሷል። የግማሽ ታንከር ደንብ የተጻፈው በእንዲህ ዓይነት ቀናት ትምህርት ነው።

ይህን ሁሉ እያወቀ መኪናውን ቀይ ላይ የሚያሳድር ሰው ለምን ያሳድራል? አንዱ ምክንያት ስርቆት ነው። ሞልቶ ያደረ ታንከር ሌሊት በላስቲክ ቱቦ ይመጠጣል፤ ጠዋት ሾፌሩ ይጠየቃል። ስለዚህ ባዶ ማሳደርን እንደ ቁልፍ የሚቆጥሩ አሉ። አልስማማም። ቁልፍ ያለው ክዳንና የመቅጃው አንገት ላይ የሚገባ ወንፊት ርካሽ ናቸው፤ የማታና የጠዋት የጌጅ ንባብ መፈራረም ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። በአፍ ስቦ ነዳጅ መቅዳትን በተመለከተ ለሌባውም ለባለቤቱም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ትን ብሎ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ወይም ናፍታ ሳንባን ያቆስላል፣ ሊገድልም ይችላል። የዋጠ ሰው እንዲያስመልሰው ማድረግ አደጋውን ያብሳል፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው የሚገባው።

ሁለተኛው ምክንያት ዋጋው ነው። ታኅሣሥ 2014 ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 31 ብር ከ74 ሳንቲም ነበር። በሐምሌ 2014 የታለመለት ድጎማ ተጀምሮ ዋጋው በየጊዜው እየተስተካከለ ሄደና ታኅሣሥ 2017 ሊያልቅ ሲል 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ናፍታም አብሮት ወጥቷል። የወረዳ በጀት ግን በዚያ ፍጥነት አልጨመረም። የነዳጅ ኩፖኑ በወሩ አጋማሽ ያልቃል። ሾፌሩ የተሰጠውን በትክክል ሠርቶበት ባዶ ታንከር ቢያስረክብ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ተረካቢውም የሚረከበው ቁልፍ እንጂ ነዳጅ አይደለም። ስምሪት ክፍሉ ቀን ስብሰባ ያደረሰውን መኪናና ሌሊት ምጥ የሚያደርሰውን አንቡላንስ ከአንድ ቋት ስለሚቀዳ፣ ስብሰባው ቀድሞ ይጠጣዋል። “አንቡላንሱ አለ፣ ነዳጅ የለውም” የሚለው በገጠር ወረዳዎቻችን ብዙ ጊዜ የተሰማ መልስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጤና ሚኒስቴር ለወረዳዎች አንቡላንስ ሲያከፋፍል መኪናውን ሰጥቷል፤ ነዳጁና ሾፌሩ የወረዳው ኃላፊነት ሆነዋል። መኪና መስጠት ፎቶ ይነሣል። በየምሽቱ ታንከሩን ግማሽ ላይ ማሳደር ግን የማይታይ፣ በየቀኑ የሚደገም ሥራ ስለሆነ ባለቤት ያጣል።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ሾፌሩ ብቻ መወርወር የለበትም። በድርጅቶቹ ግቢ ያለው ደንብ ከወረዳው ግቢ የሚለየው በሾፌሮቹ ጠባይ አይደለም፤ ከጀርባው የተቆለፈ በርሜል፣ የሚፈርም የመጋዘን ሰው፣ ለነዳጅ ብቻ የተለየ የበጀት መስመር ስላለ ነው። ወረዳውም ይህን ማድረግ ይችላል። ለአንቡላንሱ ብቻ የሚያገለግል፣ ለስብሰባም ለመስክም የማይነካ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ጣሪያ ሥር በጎኑ ይተኛ። ቁልፉ ሌሊት ተረኛ በሆነው የጤና ባለሙያ እጅ ይደር። የርክክብ ደብተሩ ላይ ከኪሎ ሜትሩ ጎን የጌጁ ንባብ የሚጻፍበት አምድ ይጨመር፤ ከግማሽ በታች ያስረከበ ምክንያቱን ይጻፍ። በአንድ ደርሶ መልስ 15 ሊትር ብንይዝ ያ በርሜል 13 ጊዜ ጋምቤላ አድርሶ ይመልሳል። በርሜሉ ከሩቡ በታች ሲወርድ ይተካ፤ ለክረምቱ የሚሆነው ደግሞ አስቀድሞ፣ መንገዱ ሳይዘጋ ይሞላ፤ ለኢታንግ ይህ ማለት ግንቦት ላይ ማለት ነው።